ቆሜ የጠየቅኩት ልጅ

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ጻፊ። እኔ ወርቅነህ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አፍ ግን አለኝ። የምትጽፍልኝ ንግሥት ናት፤ ከኤጀንሲ የተላከችልኝ፣ መድኃኒቴን የምትሰጠኝ፣ ጉልበቴን የምታሽልኝ። እሷ ኦርቶዶክስ ናት፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፤ የነገርኳት ነገር እኛ ቤተ ክርስቲያን አይደርስም። ለዚህ ነው የመረጥኳት። ትስቃለች። መሳቅሽንም ጻፊው።

ሟች ባለቤቴ ምህረት የልቧን ለጌታ የምትጽፍበት ደብተር ነበራት። ግማሹ ባዶ ቀርቷል። በሱ ላይ ነው የምናገረው። እሷ ከሞተች ወዲህ የሚያዳምጠኝ የለም። ልጄ ባሮክ ያዳምጣል፣ ግን አይመልስም።

ዛሬም ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። የት እንደሚውል አውቃለሁ። ኒር ኢስት ሳይድ የሚባለው ሰፈር፣ ሳክ የሚሉት የላኦስ ልጅ እናት ቤት ነው። ሳክ ኤርፖርት አብሮት ይሠራል። ቤተሰቡ ቡድሂስት ነው። ማታ ሲገባ አንጓውን አየሁት። ነጭ ክር ታስሮበታል፤ አንድም አይደለ፣ ብዙ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ብሌሲንግ ነው አባዬ፣ ምርቃት። የሳክ እናት ናት ያሰረችልኝ። ነፍስህ ርቃ እንዳትሄድ ነው የሚሉት።"

"ነፍስህ የት ልትሄድ?"

ሳቀና ክፍሉ ገባ። እኔ አልሳቅኩም። በአገሬ እንዲህ ያለ ክር ማን እንደሚያስር አውቃለሁ። ጠንቋይ ነው።

ንግሥት አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ ጎትታ "ጋሼ፣ እኔም ክር አስሬያለሁ" አለችኝ። ያንቺ ሌላ ነው አልኳት። "እንዴት ሌላ?" አለች። ዝም ብለሽ ጻፊ አልኳት።

ጥቅምት 7

ክሩን አልፈታም። ገላውን ሲታጠብም አይፈታውም።

ስልኩ ላይ ፎቶ አየሁ። የሳክ ቤተሰብ ነው። መሐል ላይ አንዲት ቆንጆ ልጅ ቆማለች፣ ማሊ ትባላለች አለኝ፣ የሳክ እህት። ባሮክ ደግሞ ከጎናቸው፣ ሲስቅ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆየሁ። ሳክ ትከሻው ላይ እጁን ጥሎበታል።

እንግዲህ ገባኝ። ልጅት ናት። እሑድ እሑድ የሚወስደው ሌላ ምን ይሆናል።

"ልጅት አለች?" አልኩት።

ዝም አለ። ዝምታ እሺታ ነው።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ሴቶቹ ከአምልኮ በኋላ ጓዳ ውስጥ ምሳ ያቀርባሉ። ውኃ ልጠጣ ስሄድ አንዷ፣ "የጋሼ ወርቅነህ ልጅ አሁንም ከዚያ ልጅ ጋር ነው እንዴ?" ስትል ሰማሁ። ሌላዋ አየችኝና ሳል ሳለች። ሁለቱም ወደ ማጠቢያው ዞሩ።

አየሽ፣ ሰው ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። ባዕድ አምልኮ ያለባትን ልጅ እንደያዘ ያውቃሉ። ያፍሩብኛል። እኔ ደግሞ አፍሬ አላውቅም። አርባ ዓመት ግንብ ስገነባ የጠመመ ግድግዳ አልሠራሁም፤ ልጄም አይጠምምብኝም።

የምሠራውን ወስኛለሁ። ልጅቷን በወጉ አስጠይቃለሁ። ከዚያ ጌታን ትቀበላለች፣ ክሩም ይፈታል፣ ነገሩ ያልቃል። እሸቱን አናገርኩት። የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነው፣ ወዳጄም ነው። "ባሮክ ያውቃል?" አለኝ። ያውቃል አልኩት።

ንግሥት "ጋሼ፣ መጀመሪያ ልጁን ይጠይቁት እንጂ" ትላለች። ይሄን አትጻፊ።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

የልጁ አባት አብሮ አይሄድም፤ ወግ ነው። ከጠዋት ጀምሮ መስኮት ላይ ተቀመጥኩ። እሸቱና ሁለቱ ሽማግሌዎች ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ሄዱ። ባሮክ ሥራ ላይ ነው።

ከሰዓት ተመለሱ። ሁለቱ ከመኪና አልወረዱም። እሸቱ ብቻ ገባ።

"እንዴት ሆነ?"

"ቆምን" አለኝ። "እሺ ካላሉን አንቀመጥም ብለን ቆምን። እናትየዋ በመጀመሪያ ኢሚግሬሽን መሰልናት። ከዚያ ወንበር አመጣች። አልተቀመጥንም። ወንበሩ የማይመቸን መስሏት ደግሞ ከጋራዥ ሌላ አመጣች። ሩዝ አመጣች። ቆመን አየናት። ሴትዮዋ ልታለቅስ ደረሰች።"

"ልጅቷስ?"

"ልጅቷ ባል አላት ወርቅነህ። ልጅም ወልዳለች። ባሏ ከጓሮ ሣር ሲያጭድ ነበር።"

ሳቅኩ። እኔ ብቻ ነኝ የሳቅኩት።

"ታዲያ ምን አላችሁ?"

"ማሊ የተባለችው የመጣንበትን ስትተረጉምላት እናትየዋ አንድ ነገር ጠየቀች። ልጅቷ ሳቋን አቆመች።" እሸቱ ሻዩን ሳይነካ ተነሣ። "ሌላ ቀን እናወራለን" አለኝ። ወጥቶ ሄደ።

ምን ብላ እንደጠየቀች አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ያው ቀን፣ ማታ

ባሮክ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ፊቴ ቆመ።

"አባዬ፣ ሰው ቤት ሽማግሌ ላክህ? ሳትነግረኝ?"

"ለልጅቷ ነው።"

"ማሊ ባል አላት።"

"አሁን ሰማሁ። ሌላ እንፈልጋለን።"

ሳቀ መሰለኝ። አልሳቀም። ከዚያ ዝቅ ብሎ በጉልበቱ ተንበረከከና ዓይኔን አየኝ፤ ሕፃን ሳለ ጫማውን ሳስርለት እኔ እንዲያ ነበር የማየው። "ቀጥሎ ያለውን ጠይቀኝ" አለኝ። "ፕሊስ። አንተ ጠይቀኝና እኔ ልመልስልህ።"

የደም ግፊት መድኃኒቴን አቀብለኝ አልኩት።

አቀበለኝ።

ጥቅምት 19

ስልክ አይጮህም። ድሮ ረቡዕ ረቡዕ ለጸሎት ኮል የሚያደርጉልኝ ነበሩ።

ጥቅምት 20

ዛሬ ረቡዕ ነው፤ የደወለ የለም። ባሮክ ሳሎን ሲያልፍ አፉን ሊከፍት ያለ ይመስለኛል፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደርጋለሁ። ከተናገረ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ። ካልተናገረ ልጄ ቤቴ ነው፣ እራቱን ይበላል፣ መብራቱን ያጠፋል። እንዲህ ሆኖ ቢቀር ምን አለበት።

  ንግሥት ግፊትዎ ከፍ ብሏል አለችኝ። ከምን እንደሆነ ታውቃለች፤ አትናገርም። ጎበዝ።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ንግሥትን ቡድሂስቶቹ ጋ ውሰጂኝ አልኳት። ደነገጠች። ሰዎቹ ልጄን ምን እንዳደረጉት በዓይኔ አያለሁ አልኳት።

ጻፊ፣ ያየሁትን ሁሉ ጻፊ። ቤተ መቅደስ ሲሉኝ ግንብ ጠብቄ ነበር። ሰፊ ጓሮ ያለው ተራ ቤት ነው፤ ፓርኪንጉ በቶዮታ ተሞልቷል። በዓል ነበር፣ ለመነኮሳቱ ልብስ የሚሰጡበት። ቢጫ ልብስ አጣጥፈው በራሳቸው ላይ ተሸክመው ቤቱን ይዞራሉ። በር ላይ ጫማ ተከምሯል። እኔ አላወልቅም፣ ጣዖት ቤት አልገባም አልኩና ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ብርድ ነበር። ንግሥት "እኛም ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እናወልቃለን" ብላ አጉረመረመች።

አንዲት ትንሽ ሴትዮ ወጣች። የሳክ እናት ናት፣ ቡንሚ ትባላለች። ማሊ ከኋላዋ። እናትየዋ በላኦ ትናገራለች፣ ማሊ ወደ እንግሊዝኛ፣ ንግሥት ወደ አማርኛ። ሁለት ድልድይ ተሻግሮ ነው የሚደርሰኝ።

"የባሮክ አባት?" አለች። ጎንበስ አለችልኝ። "ሽማግሌዎችህን ቅር አሰኘኋቸው። የኛ ወንበር መጥፎ ነው?"

ወጉን ነገርኳት። የሰው ልጅ ስንጠይቅ እሺ እስክንባል አንቀመጥም አልኳት። ሰምታ አሰበች። ከዚያ የተናገረችውን ንግሥት ቶሎ አልተረጎመችልኝም። ተርጉሚ አልኳት።

"ጋሼ፣ 'ያን ቀን የጠየቅኩት፣ ለሳክ ነው ወይ የመጣችሁት ብዬ ነው' ትላለች። 'ልጄ ሳክና ልጅህ ባሮክ የሚዋደዱ መሆናቸውን አውቀህ ለሳክ የመጡ መስሎኝ ነበር' ትላለች።"

ይኸው። ሌላ ሰው ተናገረልኝ።  ንግሥት ክንዴን ያዘችኝ። አልወደቅኩም፤ ያልሽው ግን ልክ ነው፣ ልወድቅ ነበር።

ተቆጣሁ። ሃይማኖታችሁ ነው አልኳት። ሁሉን የሚፈቅድ ሃይማኖት ይዛችሁ ልጄን አበላሻችሁት አልኳት።

ሴትዮዋ እንደ ሞኝ አየችኝ። "ማን ፈቀደልኝ?" አለች። "እኔ መንደር ሳለሁ ያስተማሩን፣ እንዲህ ሆኖ የሚወለድ ሰው ባለፈው ሕይወቱ የሰው ሚስት ወስዷል፣ አሁን ይከፍላል ብለው ነው። ልጄን ሳጠባው የማን ሚስት ወስደህ ይሆን እያልኩ አላየሁትም። ካወቅኩ በኋላ ግን አየሁት። በየዓመቱ ይሄን ልብስ የምሰጠው በሚቀጥለው ልደቱ እንዲቀልለት ነው።" የሳክ አባት ሞቷል። በነሱ ወግ ልጅ ለሞተ አባቱ ራሱን ተላጭቶ ለጥቂት ጊዜ ይመነኩሳል፤ ጽድቁ ለአባት ይደርሳል። ሳክ ልመንኩስ ብሏል። የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ሰዎች ግን እንዲህ ያለ ሰው አይመነኩስም፣ ሕግ አለ ብለው ቆመዋል። እናቱ እንቅልፍ የላትም።

እነሱም ሽማግሌ አላቸው። ይሄን አላውቅም ነበር።

"እኛ የምንወለደው አንዴ ብቻ ነው" አልኳት። ሌላ የምለው ስላጣሁ።

"አንዴ ብቻ?" አለች። ማሊን ደግማ ጠየቀቻት፣ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። "ታዲያ ልጅህን መቼ ልትታረቀው ነው?"

ፊቴን ወደ ቶዮታዎቹ አዞርኩ።

የመነኮሳቱ አለቃ ለመሰናበት ወጣ፤ እንግሊዝኛ ይችላል። ንግሥትን ጠይቂው አልኳት፤ ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም? ሰውየው በቀጭን ልብስ ብርድ ላይ ቆሞ አልቸኮለም። ለመነኩሴ ሴትም ወንድም ክልክል ነው አለ። ለሌላው ሰው ሕጉ አትጉዳ፣ አታታልል፣ የሌላውን አትውሰድ የሚል ነው። በሁለት ወንዶች ነገር መምህሮቻችን አንድ ቃል የላቸውም፤ እኔ ባነበብኩት ጥፋት አላገኘሁበትም፣ እኔን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ግን ይሄን ስናገር ቢሰሙኝ ይቆጡኛል፤ አለ።

ቁርጥ ያለ ነገር ፈልጌ ነበር የሄድኩት። ወይ ይርገሙት፣ ወይ ደግሞ እንድጠላቸው ይመርቁት። ሁለቱንም አላገኘሁ። መኪና ውስጥ ብርዱ ከጉልበቴ አልወጣም።

ኅዳር 2

እሸቱ መጣ። አልተቀመጠም። በኛ አገር የሚቆም ሰው የሚለምን ነው፤ እሱ ግን ሊለምን አልመጣም።

"ዝም ያልነው ላንተ ብለን ነው" አለ። "ልጁ በጉባኤ ፊት ቀርቦ ንስሐ ይግባ። ካልሆነ ከቤትህ ይውጣ። አንዱም ካልሆነ ፊት ወንበር ላይ አትቀመጥም፣ የጌታን እራትም አትቀበልም። እስከ ገና ነው።"

"ማን ነገራችሁ?"

"አንተ ነህ የላክኸን ወርቅነህ።"

ኅዳር 6

ባሮክ ሳልጠይቀው ተናገረ። ቴሌቪዥኑን ራሱ አጠፋው። "ሳክን እወደዋለሁ አባዬ። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ እንዲህ መሆኔን አውቃለሁ። እማዬም ታውቅ ነበር።"

ምህረት ታውቅ ነበር። ለኔ አልነገረችኝም። ፈርታኝ ነው።

እኔም ተናገርኩት።

(ጋሼ የተናገሩትን ነገሩኝ፣ ከዚያ አትጻፊው አሉ። አልጻፍኩትም። ንግሥት።)

ልብሱን በሁለት ሻንጣ አደረገ። ሲወጣ የመድኃኒቴን ሰዓት ስልኬ ላይ ሞላልኝ። ስልኩ ሲጮህ መዋጥ ነው አለኝ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 8

የቡንሚ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ክፍል ይዟል አለችኝ ንግሥት። እሸቱ ኮል አደረገ። "በርታ፣ ጌታ ያያል" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ኅዳር 12

ስልኩ ይጮሃል። መድኃኒቴን እውጣለሁ።

ኅዳር 14

ሲኦልን እፈራለሁ። ለራሴ አይደለም፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ብቃጠልም ምን ቀርቶኝ። ለሱ ነው። ደግሞ አስባለሁ፤ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን፣ በረዶ ላይ መኪናው ቢንሸራተት፣ ሆስፒታሉ የሚደውለው ለማን ነው? ለኔ ነው ወይስ ለዚያ ልጅ? የመጨረሻ የሰማው ቃሌ ያ ሆኖ ቢቀርስ?

ኅዳር 19፣ ታንክስጊቪንግ

ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር የሚበላበት የምስጋና በዓል ነው፤ ማንም አልመጣም። በር ተንኳኳ፤ ማሊ ናት። በቀርከሃ ሙዳይ የሚጣበቅ ሩዝ ይዛ፣ እናቴ ናት የላከችው አለች። ግቢ አልኳት በእጄ። ገባች። እስክታዘዝ ድረስ አልተቀመጠችም። ወጋችን ደርሷቸዋል።

ሩዙን በላሁ። ሳልጸልይ አይደለም፤ ጸልዬ ነው የበላሁ።

ሳክ እሑድ ሳምንት ይመነኩሳል። አለቃው ፈቅዷል። ባሮክ ደህና ነው ወይ አልኳት በምችላት እንግሊዝኛ። "ኖት ስሊፒንግ" አለች፤ እንቅልፍ የለውም።

ኅዳር 30

ንግሥት ትናንት ሄዳ አይታ መጣች። እኔ ነኝ የላክኋት። ሳክ ራሱን፣ ቅንድቡንም ጭምር ተላጭቷል አለች። የኮሚቴው ሰዎች ሁለቱ አልመጡም። አለቃው ጠየቀው። ሰው ነህ? ሰው ነኝ። ወንድ ነህ? ወንድ ነኝ። ከባርነት ነፃ ነህ? ነፃ ነኝ። ወላጆችህ ፈቅደዋል?

"እዚህ ላይ ጋሼ" አለች ንግሥት፣ "ሁሉም ሰው ወደ እናትየዋ ዞረ። ፈቅደዋል ብሎ መለሰ። እሷ መሬት ላይ ተንበርክካ ልብሱን ሰጠችው። ያቺ የሰው ሚስት ወስዷል የምትል ሴትዮ።"

ባሮክስ አልኳት። ከኋላ ከጫማዎቹ አጠገብ ቆሞ ነበር አለች። እሱን ወላጆችህ ፈቅደዋል ብሎ የሚጠይቀው የለም።

እኔን ግን ጠይቆኝ ነበር። ተንበርክኮ። መድኃኒት አቀብለኝ አልኩት።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ዛሬ ረጅም ነው። እጅሽ ከደከመ አርፈሽ ጻፊ።

ሱፌን ለበስኩ። ከረባቱን ንግሥት አሰረችልኝ። አባት ራሱ ለሽምግልና አይሄድም፤ አውቃለሁ። የምልከው ሰው የለኝም። ወግ የሚፈርስ ከሆነ እኔው ላፍርሰው።

በረዶ ጥሏል። ከመኪናው እስከ ቡንሚ በር ቀስ ብዬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ በሩን ከፍቶ፣ አይቶኝ፣ መልሶ ሲዘጋው።

የከፈተችው ቡንሚ ናት። ሳሎን ገባሁ፣ መሐል ላይ ቆምኩ። ወንበር አላመጣችም። አየችኝ፣ ከዚያ መጥታ ከጎኔ ቆመች። እጇን አጣምራ፣ ልክ አብራኝ እንደተላከች ሽማግሌ። ንግሥትም ቆመች።

ባሮክ ከምድር ቤት ወጣ። ከስቷል። ክሩ አሁንም አንጓው ላይ ነው፣ ቆሽሿል።

"አባዬ? ቁጭ በል፣ ጉልበትህ።"

"አልቀመጥም።"

ፊቱ ተለዋወጠ። ገባው። እዚህ ቢያድግም ይሄ ገብቶታል። "ለማን ነው የመጣኸው?" አለኝ። 

የሽማግሌ ንግግር አውቃለሁ፤ ለስንቱ ሰው ቆሜያለሁ። ሁሉም ጠፋኝ። "አንድ ልጅ ነበረኝ" አልኩ። "በአፌ አስወጣሁት። ልጁን ስጡኝ ብዬ መጣሁ።"

"ቤተ ክርስቲያኑስ?"

"እሱ የኔ ጉዳይ ነው።"

"አሁንም ኃጢአት ነው ትላለህ?"

አልዋሸውም። "እላለሁ" አልኩት። "ሌሊት ሌሊት የሚያስነሣኝም እሱ ነው። አንተ ግን ከሌለህ የባሰ ነው የምፈራው።"

ጉልበቴ መተኮስ ጀምሯል። የቡንሚ ትከሻ ትከሻዬን ነካ፤ ትንሽ ሴትዮ ናት፣ ግን ደገፈችኝ።

"አባዬ፣ ከመጣሁ እንደዚሁ ሆኜ ነው የምመጣው። ሳክም ከገዳም ሲወጣ ቤት ይመጣል። እራት ይበላል።"

"የኛን ምግብ ይችላል?"

"ካንተ የበለጠ ሚጥሚጣ ይበላል።"

ቡንሚ ምን አሉ ብላ ንግሥትን ጎተተቻት። ማንም አልተረጎመላትም፤ ሁላችንም ባሮክን ነበር የምናየው።

"እሺ" አለ።

ከዚያ ወንበር መጣ። ተቀመጥኩ። ስቀመጥ አለቀስኩ፤ ይሄንንም ጻፊው፣ ቀድሞም አይተሽኛል።

አሁን ሻንጣዎቹን እያወጣ ነው፣ ይሰማኛል። ነገ እሑድ ነው። ንግሥት፣ ከቅዳሴሽ በፊት አድርሺኝ። ፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው፣ ዱሮ የምቀመጥበት። እፈራለሁ፤ እሸቱ በሁሉም ፊት መጥቶ ጆሮዬ ላይ ሲያጎነብስ ከአሁኑ ይታየኛል። ይምጣ። ሊያስነሣኝ የፈለገ ቆሞ ይለምነኝ።